ገብሱን የረገጠው ማነው?

መንዝ ውስጥ የገብስ ማሳ ጠብቆ ያደገ ሰው የሰውነታችንን መከላከያ ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ጭላዳ ዝንጀሮ ከገደሉ ወጥቶ ማሳው ላይ ሲሰፍር ጩኸት ይነሳል፤ ልጁ፣ ጎረምሳው፣ ውሻው ተግተልትሎ ይገባል። ጭላዳው ከሸሸ በኋላ ማሳውን ዞር ብላችሁ እዩት፤ አንዳንድ ቀን እሱ ከበላው እኛ የረገጥነው ይበልጣል።

ሳንባም ላይ እንዲሁ ነው። ቫይረስ ሲገባ የተጠቁት ሴሎች ሳይቶካይን በሚባሉ መልእክተኞች “ድረሱልን” ይላሉ፤ ነጭ የደም ሴሎች ይደርሳሉ። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ በትኩሳትና በቁርጥማት ያልፋል፤ ለዚህ ውለታ አመስጋኝ የለም። አንዳንዴ ግን ጥሪው አልቆም ይላል። የደም ሥሮቹ ይላላሉና ፈሳሽ ወደ አየር ከረጢቶቹ ይሰርጋል፤ በሽተኛው አልጋው ላይ እንዳለ ትንፋሽ ያጥረዋል።

“በሽታ ደካማውን ነው የሚገድል” የሚለው አባባል ያናድደኛል። በ1911 የኅዳር በሽታ፣ ዛሬም ኅዳር 12 ቆሻሻ እያቃጠልን የምናስበው፣ በዓለም ዙሪያ ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉትን ጎልማሶች አብዝቶ ፈጅቷል። ተከትሎ የሚመጣው የባክቴሪያ የሳንባ ምችም ብዙ ገድሏል፤ የመከላከያው መብዛት ግን አንዱ ማብራሪያ ነው። በጥር 1999 የታተመ ጥናት የዚያኑ በሽታ ቫይረስ ጦጣዎች ላይ ሞክሮ ልጓም የበጠሰ የመከላከያ ምላሽ አይቷል።

ሌላው የሚሳተው ቀኑ ነው። ኮቪድ ብዙ ጊዜ የሚጠናው ከሳምንት በኋላ፣ ቫይረሱ መቀነስ ሲጀምር ነው። “ተሽሎት ነበር እኮ” ሲባል ለቅሶ ቤት ስንቴ ሰማሁ!

ሰኔ 2012 እንግሊዝ ውስጥ የተካሄደው ሪከቨሪ የተባለ ጥናት ውጤቱን አወጣ፦ በቀን 6 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን፣ መከላከያውን የሚያበርድ መድኃኒት፣ መተንፈሻ ማሽን ላይ ከነበሩት የኮቪድ ሕሙማን ሞትን በሲሶ ገደማ፣ ኦክስጅን ብቻ ከሚሰጣቸው ደግሞ በአንድ አምስተኛ ቀነሰ። ኦክስጅን ላላስፈለገው ግን ጥቅም አልታየበትም። መንዝ መሐል ሜዳ ያሉት አጎቴ ወሬውን በግማሹ ሰምተው ክኒኑን በኪሳቸው ይዘው ይዞሩ ነበር።

“ጉንፋን ጫር ሲያደርገኝ እውጣታለሁ” አሉኝ።

“ጋሼ፣ ጭላዳው ገና ሲገባ ጠባቂውን ሊያስሩት ነው?”

ስቀው መልሰው ኪሳቸው ከተቷት።

ጉንፋን መሳይ ይዞት ከሰነበተ በኋላ ከበረት እስከ ደጃፍ ሲሄድ ትንፋሽ የሚያጥረው ካለ፣ ሳታሳድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ኦክስጅኑ በጣቱ ይለካ። ክኒኗን ለሐኪሙ ተዉለት።