የአነስተኛ ኃይል ገመድ አልባ ሴንሰሮች አድራሻ ደኅንነትና ምስጢራዊነት

የአነስተኛ ኃይል ገመድ አልባ ሴንሰሮች አድራሻ ማለት በባትሪ የሚሠሩ ትናንሽ የመለኪያ መሣሪያዎች በሬዲዮ መልእክት ሲለዋወጡ አንዱ ከሌላው የሚለይበት ቁጥር ነው። ቁጥሩ መልእክቱ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ ስለሚያመለክት በእያንዳንዱ ፓኬት ራስጌ ላይ ይጻፋል። ይዘቱ በምስጠራ ቢቆለፍም ራስጌው ላይ ያለው የሬዲዮ አድራሻ በአቅራቢያው ሆኖ ላዳመጠ ሁሉ ግልጽ ነው። የዘርፉ ጥያቄ ይህ ቁጥር ባለቤቱን ሳያጋልጥ፣ ሌላ ሳይነጥቀውና ባትሪውን ሳይጨርስ እንዴት ይሰጥ የሚል ነው።

ችግሩ

ለምሳሌ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወጣው ደጋ አንድ ገበሬ የሰውነት ሙቀታቸውን በየ10 ደቂቃው የሚልክ ሴንሰር በላሞቹ አንገት ላይ አሰረ፤ እረኛውም ተመሳሳይ ሬዲዮ ይዟል እንበል። ሌባ የላሞቹን ሙቀት ማወቅ አያስፈልገውም። ማታ ከበረቱ የሰማቸው ቁጥሮች ጠዋት ከግጦሹ መሰማታቸው፣ የእረኛው ቁጥር ግን አለመሰማቱ ይበቃዋል። ላሞቹ ጠባቂ እንደሌላቸው አንድም ምስጢር ሳይፈታ አወቀ ማለት ነው።

ቋሚ አድራሻ መሣሪያውን ለረጅም ጊዜ ለመከታተልና ያለበትን ቦታ ለማወቅ ከማስቻሉ ሌላ፣ የመሣሪያውን ዓይነት ይናገራል፤ በሩቅ ላለ አጥቂም አድራሻዎችን በግምት ለማሰስ ያመቻል። በኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ፣ ሴንሰሩ ከአንድ ሰው ጋር የሚያያዝ ከሆነ ነገሩ የሕግ ጥያቄም ሊሆን ይችላል።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል

እነዚህ ሬዲዮዎች በአብዛኛው የሚከተሉት እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን የአይትሪፕልኢ 802.15.4 ደረጃ ነው። እያንዳንዱ ሬዲዮ ከፋብሪካ 64 ቢት ቁጥር ይዞ ይወጣል፤ የመጀመሪያዎቹ 24 ቢቶች አምራቹን ይገልጻሉ። ይህ ቁጥር እንደ ክርስትና ስም ነው፤ ባለቤቱን በትክክል ስለሚለይ ለማያውቁት ሰው አይነገርም። የቀድሞው አሠራር ግን ይህንኑ ቁጥር ወስዶ የአይፒቪ6 አድራሻ የኋለኛ 64 ቢት ያደርገው ነበር።

ያም የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ የ802.15.4 ፓኬት ቢበዛ 127 ባይት ይይዛል። የሬዲዮው ራስጌ እስከ 25፣ ምስጠራው እስከ 21 ባይት ሲወስዱ 81 ይቀራል። የአይፒቪ6 ራስጌ 40 ባይት፣ የዩዲፒ ራስጌ 8 ባይት ሲወስዱ ለመልእክቱ የሚተርፈው 33 ባይት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሲክስሎፓን የተባለው ዘዴ ለዚህ መላ አበጀ፤ አድራሻው ከሬዲዮው ቁጥር የተወሰደ ከሆነ ተቀባዩ ራሱ አስልቶ ስለሚያገኘው ከራስጌው ይወጣል። በዘፈቀደ የተመረጠ አድራሻ ግን እንዲህ ሊቀር ስለማይችል በየፓኬቱ 8 ባይት ተሸክሞ ይጓዛል። ለኮምፒውተር ይህ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ በሁለት ባትሪ ድንጋይ ዓመታት መቆየት ላለበት ሴንሰር ግን ከዕድሜው ይቀንሳል።

መፍትሔዎች

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አርኤፍሲ 7217 አድራሻውን ከምስጢር ቁልፍና ከኔትዎርኩ መለያ ያሰላል። ቁጥሩ በአንድ ኔትዎርክ ውስጥ አይለወጥም፤ መሣሪያው ወደ ሌላ ሲዛወር ግን ይለወጣል። በ2017 የወጣው አርኤፍሲ 8065 የሴንሰሮችን የኃይል ችግር ለይቶ ተመልክቷል። ሬዲዮዎቹ ከኔትዎርኩ አስተባባሪ የሚሰጣቸው 16 ቢት አጭር አድራሻ አላቸው፤ ብቻውን ቢሠራበት 65,536 ምርጫ ብቻ ስላለው በቀላሉ ይገመታል። በኔትዎርኩ አባላት ብቻ ከሚታወቅ ምስጢር ጋር ተቀላቅሎ ቢሰላ ግን አባላቱ አድራሻውን ሳይላክላቸው ያገኙታል፤ የውጭ ሰው መገመት አይችልም። ከቀረቡት ሐሳቦች ለባትሪው የሚራራው ይህኛው ነው።

ይሁንና ይህ ሁሉ የሚከላከለው በኢንተርኔት በኩል የሚመጣውን ነው። የላሞቹ ሌባ ግን አጥር ሥር ቆሞ የሬዲዮውን አድራሻ በቀጥታ ይሰማል። ስለዚህ አጭሩ አድራሻ ራሱ በየጊዜው መለወጥ አለበት። ይህም የራሱ ጣጣ አለው፤ በ802.15.4 ምስጠራው የላኪውን 64 ቢት ቁጥር ስለሚጠቀም፣ ተቀባዩ የትኛው አጭር አድራሻ የማን እንደሆነ ዘወትር መዝግቦ መያዝ አለበት።

አድራሻ መንጠቅ ሌላው አደጋ ነው። አንድ መሣሪያ «ይህ አድራሻ የእኔ ነው» ካለና ራውተሩ ካመነው፣ የሌላው መልእክት ወደ እሱ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው አርኤፍሲ 8928 መሣሪያው አድራሻውን ሲያስመዘግብ ከራሱ ይፋዊ ቁልፍ የተሰላ መለያ አብሮ እንዲያስመዘግብ ያደርጋል። ራውተሩ ማረጋገጥ ሲፈልግ ጥያቄ ይልካል፤ መሣሪያው በምስጢር ቁልፉ ፈርሞ ይመልሳል። ከባዱ ስሌት በየመልእክቱ ሳይሆን በምዝገባ ጊዜ ብቻ ስለሚሠራ ባትሪው አይጎዳም።

የመለወጫው ጊዜ

አድራሻ መለወጥ ብቻውን አይደብቅም። በየ10 ደቂቃው ሳያዛንፍ የሚልክ ሴንሰር አዲስ ቁጥር ቢይዝም፣ አሮጌው በቆመበት ደቂቃ አዲሱ ስለሚቀጥል ሰሚው ሁለቱን ያገናኛቸዋል። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ጊዜ መለወጥ፣ የመላኪያ ሰዓታቸውንም ትንሽ ማዛባት ይኖርባቸዋል። ሃያ ላሞች አብረው ቁጥር ቢለውጡ የትኛው የትኛዋ እንደሆነች መለየት ይከብዳል፤ አንዲት ላም ብቻ ባለችበት ቤት ግን ቁጥሩ ምንም ያህል ቢለዋወጥ የሚሰማው ድምፅ የእሷው ነው።