ቬኒስን ለመጎብኘት ስናቅድ

ቬኒስን ለመጎብኘት የሚያቅድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊወስን የሚገባው የቆይታውን ርዝመት ነው። በታሪካዊቷ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ 175,000 ነዋሪዎች ነበሩ፤ ዛሬ ከ50,000 ያነሱ ናቸው። ለአንድ ቀን ውሎ የሚመለስ እንግዳ ጠባብ መተላለፊያዎቿን ያጨናንቃል፤ የሚተውላት ጥቅም ግን ጥቂት ነው። ከተማዪቱም ከ2024 ጀምሮ በተመረጡ ቀናት እንዲህ ያለውን ጎብኚ የመግቢያ ክፍያ ታስከፍላለች።

ሁለት ሌሊት የሚያድር ግን ማለዳ፣ መንገዱ ሳይሞላ፣ ድልድዮቿን በእግሩ ይሻገራል። ከዚያም በማርቺያና ቤተ መጻሕፍት የሚገኘውን የፍራ ማውሮን የ15ኛው ክፍለ ዘመን የዓለም ካርታ ተረጋግቶ ይመለከታል። ካርታው ኢትዮጵያን በስፋት ያሳያል፤ ሠሪውም አገሩን፣ ወንዙንና ተራራውን የዚያው ተወላጅ የሆኑ የሃይማኖት ሰዎች በእጃቸው ሥለው እንዳሳዩት በላዩ ጽፏል። ይህን ጽሑፍ በጥድፊያ የሚያልፍ ኢትዮጵያዊ የገዛ ታሪኩን ሳያይ ይመለሳል።