የማይታየው ገመድ ሲበጠስ

ሐኪም በሽተኛውን «የት ላይ ነው የሚያምህ?» ብሎ ሳይጠይቅ መድኃኒት ቢያዝለት ሐኪም አያሰኘውም። ኮምፒዩተር ሲታመም ግን ብዙዎቻችን እንደዚህ ያለን ሐኪሞች ነን። አንድ ሰው መጥቶ «ዋይፋይ አልሠራ አለኝ» ያለን እንደ ሆነ፥ ምክራችን ወዲያው «ፎርማት አስደርገው» ነው። ይህም ማለት በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ጠርገህ እንደ ገና ጀምር ማለት ነው። ራሱን ለሚያመው ሰው «አንገትህን አስቈርጥ» ከማለት በምን ይለያል?

ይህ ምክር ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል የተረዳሁት በ2017 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ነው። አንድ ምሽት በ2 ሰዓት ገደማ፥ ቂርቆስ ከምኖርበት ቤት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አሮጌ ላፕቶፑን በብብቱ እንደ ያዘ መጣ። የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። ቤተሰቦቹ ብዙ ዘመን የኖሩት ካዛንቺስ ነበር፤ በዚያው ዓመት መንደራቸው ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ወደ ከተማው ዳር ተዛውረዋል።

«ቲቸር፥ ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል የሚመለከተው እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ብቻ ነው። ጥገና ቤት ወስጄው ነበር፤ ፎርማት ካልተደረገ አይሠራም አሉኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ ደግሞ ያለው እዚሁ ላይ ብቻ ነው» አለኝ።

ከሁሉ አስቀድመን ጽሑፉን በፍላሽ ገለበጥነው። አንባቢዬ ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይህን አንዱን አይርሳ፤ የአንድ ዓመት ድካም በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ አይቀመጥም።

እኔ የራሴ ኮምፒዩተር የለኝም፤ የምሠራው በትምህርት ቤቱ ነው። ስለዚህ ለጊዜው ይሁን ብለን የእኔን ስልክ በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘነው። የማመልከቻው ገጽ ግን አልከፈትም አለ። «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ጽሑፍ ወጣ። «ስልኩ ይሆናል» ብለን የቀረውን ሳናነብ ዘጋነው። ይህ ችኮላ በኋላ ምን እንዳስከተለብን አንባቢው ያያል።

ሲጠየቅ የሚመልስ

ላፕቶፑ የሚሠራው በሊኑክስ ነው። ሊኑክስ በ1991 እ.ኤ.አ. ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጀመረው ሥርዓት ነው። አርአያ ያደረገውም በ1969 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቤል ላብራቶሪ የተወለደውን ዩኒክስን ነው። በነጻ ስለሚገኝና በአሮጌ መኪና ላይም ስለሚሠራ ኪሱ ለሳሳ ተማሪ ተስማሚ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ጠባዩ ግን የሚሠራውን አለመደበቁ ነው። በትክክል የጠየቀውን ሰው በትክክል ይመልስለታል።

ለመሆኑ ምን ብሎ ይጠየቃል? ይህን ለማወቅ መልእክት የሚሄድበትን መንገድ ማሰብ ይበቃል።

ተማሪዬ የተወለደበት ሰፈር ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ በኢጣልያ ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው ድርጅት የመጣ ነው። ከሰፈሩ አጠገብ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ይገኛል። ኢንተርኔት አገራችን ሳይገባ፥ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፥ በዚያ ግቢ «ፓዲስ» የሚባለው የመረጃ ክፍል የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ያመላልስ ነበር። ደብዳቤዎቹ በአንድ ኮምፒዩተር ይጠራቀማሉ፤ ኮምፒዩተሩም በስልክ መስመር ወደ ውጭ አገር ደውሎ የእኛን ይሰጣል፥ የእነርሱን ይቀበላል። ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት የተከፈተው ከዚያ በኋላ በ1989 ዓ.ም. ነው።

ያን ጊዜም ሆነ ዛሬ መልእክት የሚያልፈው በተያያዙ ቀለበቶች ነው። ካርዱ፥ ካርዱን የሚያናግረው ፕሮግራም፥ አየሩ፥ ራውተሩ፥ የውጭው መስመር፥ የስም መዝገቡ፥ በመጨረሻም የሚፈለገው ገጽ ናቸው። ጥበቡም ከቅርቡ ጀምሮ ወደ ሩቁ እያንዳንዱን ቀለበት መፈተሽ ነው እንጂ፥ ሰንሰለቱን በሙሉ መጣል አይደለም።

ከቅርቡ ወደ ሩቁ

የመጀመሪያው ጥያቄ «ካርዱ ተዘግቷልን?» የሚል ነው። «አርኤፍኪል ሊስት» የሚለው ትእዛዝ ሁለት ዓይነት መዝጊያ ያሳያል። አንዱ በፕሮግራም የተዘጋ ሲሆን በትእዛዝ ይከፈታል፤ ሁለተኛው በላፕቶፑ ጎን ወይም በቁልፎቹ ላይ ባለ ማብሪያ የተዘጋ ስለ ሆነ በእጅ ካልተከፈተ በትእዛዝ አይከፈትም። ስንቱ ሰው በዚህች ማብሪያ ምክንያት ጥገና ቤት ሄዶ ገንዘቡን አፍስሷል! በእኛ መኪና ግን ካርዱ ከነጭራሹ በዝርዝሩ ላይ አልነበረም።

ሁለተኛው ጥያቄ «ሥርዓቱ ካርዱን ያየዋልን?» የሚል ነው። «ኤልኤስፒሲአይ» የሚለው ትእዛዝ በውስጥ የተገጠሙትን መሣሪያዎች ይቈጥራል። ካርዱ ስሙ ተጽፎ ተገኘ። እንግዲህ አልሞተም ማለት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ «ታዲያ ለምን ዝም አለ?» የሚል ነው። ሥርዓቱ ሲነሣ ያየውንና ያጋጠመውን ሁሉ በመዝገብ ይጽፋል፤ መዝገቡን የሚያወጣውም «ዲሜሴጅ» የሚባለው ትእዛዝ ነው። እዚያ ላይ የካርዱ ፈርምዌር አልተገኘም የሚል መስመር አነበብን። ፈርምዌር ካርዱ ከእንቅልፉ ሲነቃ የሚያነበው ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ያለ እርሱ ካርዱ አካል እንጂ ነፍስ የለውም።

«ባለፈው ሳምንት ሥርዓቱን ሳድስ መብራት ጠፍቶብኝ ነበር» አለ ተማሪዬ። ባትሪው ደካማ ስለ ሆነ መኪናው ወዲያው ጠፍቷል፤ እድሳቱም በመንፈቅ ቀርቷል። ደግነቱ ፋይሎቹ ቀድመው ወርደው በዲስኩ ላይ ተቀምጠው ነበር። «ዲፒኬጂ» የሚባለውን ጫኝ ያልጨረሰውን እንዲጨርስ አዘዝነው፤ የፈርምዌሩንም ጥቅል ደግመን ጫንነው። መኪናው ጠፍቶ ሲነሣ የጎረቤቱ ሁሉ የዋይፋይ ስም በዝርዝር ወጣ። ሰዓቱ 3 ተኩል ነበር። ፎርማት ቢደረግ ኖሮ ይህች አንዲት ፋይል ትመለስ ነበር፤ ጽሑፉ ግን አይመለስም ነበር።

አራተኛው ጥያቄ የአየሩ ነው። ራውተሩ ያለው በአከራዬ ቤት ነው፤ በእነርሱና በእኔ መካከል ደግሞ የቆርቆሮ ግድግዳ አለ። የዋይፋይ ማዕበል በ2.4 ጊጋኸርዝ ሲሆን ርዝመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። የጭቃና የእንጨት ግድግዳ ቢያደክመውም ያሳልፈዋል፤ ቆርቆሮ ግን ብርሃንን እንደሚመልስ መስተዋት ይመልሰዋል። በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራው ይፈጥናል እንጂ ግድግዳ ሲያጋጥመው ይበልጥ ይደክማል። ወንበራችንን ወደ በሩ ብንወስድ ኀይሉ በእጥፍ ጨመረ።

አምስተኛው «አድራሻ ተሰጥቶናልን?» የሚለው ነው። አድራሻው በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ራውተሩ አልሰጠንም፤ መኪናው ራሱ የፈጠረው ነው። የእኛ በ192.168 የጀመረ ደኅና አድራሻ ነበር። ከዚያ በኋላ «ፒንግ» በሚለው ትእዛዝ መጀመሪያ ራውተሩን፥ ቀጥሎ በውጭ ያለውን 8.8.8.8 የሚባለውን አድራሻ፥ በመጨረሻም አንድ ገጽ በስሙ ጠራን። ቍጥሩ መልሶ ስሙ ባይመልስ ኖሮ ጥፋቱ የስም መዝገቡ ይሆን ነበር። ሁሉም መለሱ።

ዓይናችን ያለፈው ስሕተት

ደስ ብሎን የማመልከቻውን ገጽ ብንከፍት «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» አለን። ያው የቅድሙ ጽሑፍ! እኔ የዩኒቨርሲቲውን ገጽ ጠረጠርሁ፤ ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፤ ወደ ስልኩም ተመለስሁ። ሰዓቱ 5 ሊሆን ጥቂት ቀረው። ያን ጊዜ ተማሪዬ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አነበበ። «ቲቸር፥ ‹ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል› ይላል።»

ከማዕዘኑ ላይ የተጻፈውን ዓመት አየን፤ 2017 ይላል። ለእኛ ዓይን ምንም ጉድለት የለውም፤ ዓመቱ 2017 ነበርና። መብራት የጠፋ ዕለት የመኪናው ቀን ተዛብቶበት፥ ተማሪዬ ራሱ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በእጁ ሞልቶት ኖሯል። የመኪናው መቍጠሪያ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን አቈጣጠር ብቻ ነው፤ በዚያ ደግሞ ዓመቱ 2025 ነበር። እንደዚህ ያሉ ገጾች ከየት ወደ የት ቀን እንደሚያገለግል የተጻፈበት የማረጋገጫ ወረቀት አላቸው። በመኪናው ዘንድ ወረቀቱ ገና ከ8 ዓመት በኋላ የሚጻፍ ሆነበት፤ እንደ ታማኝ ዘበኛም አላሳልፍም አለ።

ሰዓቱን ከኢንተርኔት ራሱ እንዲወስድ አዘዝነው፤ አገሩንም አዲስ አበባ አልነው። ገጹ ወዲያው ተከፈተ። ማመልከቻው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ20 ተላከ።

ተማሪዬ ዕድሉን በዚያ ዓመት አላገኘም፤ ጽሑፉን ግን በሰዓቱ አቅርቦ ተመርቋል። ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት ጀማሪ ሠራተኛ ነው። ባልደረቦቹ ኮምፒዩተር ሲያስቸግራቸው ወደ እርሱ ይመጣሉ፤ እርሱም ከሁሉ አስቀድሞ «ምን ብሎ ነው የጻፈልህ? እስከ መጨረሻው አንብብልኝ» ይላቸዋል። እኔ ይህን አላስተማርሁትም፤ በዚያች ሌሊት ከእርሱ የተማርሁት እኔ ነኝ።