«ትንሽ ትነዝራለች እንጂ ትሠራለች»

ብየዳ ቤትም ይሁን ወፍጮ ቤት፣ እንጀራ መጋገሪያም ይሁን ካፌ፣ አዲስ ሠራተኛ ሥራ ሲጀምር ከሚነገሩት ነገሮች አንዷ ይህች ናት። «ይቺ ማሽን ትንሽ ትነዝራለች እንጂ ትሠራለች።» ዘዴውም አብሮ ይነገራል። «ጣውላው ላይ ቆመህ ያዛት»፣ «እጅሽን አድርቀሽ ምጣዱን ንኪው»፣ «መጀመሪያ በእጅህ ጀርባ ነካ አድርጋት»። ሠራተኛው ውሎ ሳያድር ይለምዳል። ወር ሳይሞላው ደግሞ እሱም በተራው ለሚቀጥለው ሠራተኛ ያንኑ ምክር ያስተላልፋል።

ደብረ ታቦርን ለምሳሌ እንውሰድ። ከጉና ተራራ ግርጌ ያለችው ይህች ከተማ ለእጅ ሥራ እንግዳ አይደለችም። አፄ ቴዎድሮስ 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል የሚባለውን የሴባስቶፖል መድፍ ያሠሩት በአቅራቢያዋ በምትገኘው ጋፋት ነው። ዛሬ ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም አልፎ እስከ ጋሳይና ንፋስ መውጫ ድረስ በየመንገዱ ዳር የሚሠራው ሥራ ብዙው በኮረንቲ ነው። የበርና መስኮት ብየዳው፣ ወፍጮው፣ የእንጨት ሥራው፣ የቡና ማሽኑ፣ የፀጉር ቤቱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእንጀራ ምጣዱ።

ለመሆኑ ማሽን ነዘረ ማለት ምን ማለት ነው? በአነጋገራችን «ነዘረኝ» ስንል ቀላል ነገር ይመስላል። ባለሙያ የሚሰማው ግን ሌላ ነው። ከሽቦው መውጣት የሌለበት ኮረንቲ ወደ ማሽኑ አካል ወጥቷል። የወጣውን ወደ መሬት የሚወስደው ሌላ ደህና መንገድ ስለሌለ በሠራተኛው ገላ በኩል እየሄደ ነው። በአጭሩ ማሽኗ ተፈትናለች፣ ፈተናውንም ወድቃለች። ክፋቱ፣ የመለኪያ መሣሪያ ሆኖ ያገለገለው የሰው እጅ መሆኑ ነው።

ቁጥሩን እንመልከተው። የሰው ልጅ ኮረንቲ የሚሰማው ወደ 1 ሚሊ አምፔር ሲደርስ ነው። ወደ 10 ሚሊ አምፔር ሲጠጋ የክንድ ጡንቻ ይኮማተራል፤ «ኮረንቲ ያዘው» የምንለው ይሄኔ ነው፣ እጅ የጨበጠውን መልቀቅ ያቅተዋል። (ባልደረባው ሮጦ በባዶ እጁ ቢይዘው የሚያዙት ሁለት ይሆናሉ። መጀመሪያ ብሬከሩን ማውረድ፣ ካልተቻለም በደረቅ እንጨት ማላቀቅ ነው።) ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ የሆነ ኮረንቲ በገላ ውስጥ ከቆየ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። የአገራችን የቤት መስመር 220 ቮልት ነው። እጁና እግሩ የረጠበ ሰው ገላ ለኮረንቲ የሚያሳየው ተቃውሞ ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ ይችላል። 220ን ለ1,000 ስናካፍል 220 ሚሊ አምፔር ይመጣል። እንግዲህ ማክሰኞ «ትንሽ» ነዝራ ያለፈችው ማሽን ረቡዕ ለመግደል አዲስ ብልሽት ላያስፈልጋት ይችላል። የራሰ ወለል ወይም ያላበው እጅ ሊበቃት ይችላል።

ብዙ ባለ ድርጅት «ኧረ ብሬከር አለኝ» ብሎ ይጽናናል። የተለመደው ባለ 16 አምፔር ብሬከር ግን 16 ሺሕ ሚሊ አምፔር እስኪያልፍ ድረስ ነገሬ አይልም። ሰውን ለአደጋ ከሚያጋልጠው 30 ሚሊ አምፔር ጋር ሲነጻጸር ከ500 እጥፍ በላይ ነው። ብሬከር የተሠራው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ሰውን ለማዳን የተሠራው ሌላ ነው፤ ባለሙያዎች «አር ሲ ዲ» ይሉታል። የሄደውና የተመለሰው ኮረንቲ እኩል መሆኑን ይከታተላል፣ ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ መስመሩን ይቆርጣል። ፊቱ ላይ «ቴስት» የሚል ቁልፍ አለው። በየጊዜው ያቺን ቁልፍ መጫን ነው። ካልቆረጠ መሣሪያው እንደሌለ ይቆጠራል።

አሁን ወደ እንጀራ ምጣዱ እንምጣ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፣ ማለትም 16 አምፔር ያህል። ይህ አንድ ደህና ሶኬት የሚችለው የመጨረሻው ነው። ሦስት ምጣድ በአንድ ማከፋፈያ ከተሰካ 48 አምፔር ሆነ። ሶኬቱ ይግላል፣ ይጠቁራል፣ በመጨረሻም ይቀልጣል። ሌላም አለ። የምጣዱ ሽቦ የሚተኛው ከሸክላው ሥር በተበጀ ቦይ ውስጥ ነው። ሸክላው ሲሰነጠቅ ሊጥ ወደ ሽቦው ይሰርጋል። የቦካና ውሃ ያዘለ ሊጥ ደግሞ ኮረንቲ ያስተላልፋል፤ በሽቦውና በብረቱ አካል መካከል ድልድይ ይሆናል። ጋጋሪዋን አስቧት። እጇ በሊጥ የረጠበ ነው፣ ወለሉ በውሃ የራሰ ነው፣ ብረቱን በቀን ስንት ጊዜ ትነካዋለች! አደጋ የሚያመጡት ነገሮች ሁሉ እንዲህ አንድ ላይ የሚገናኙበት የሥራ ቦታ ብዙ አይደለም። ሆኖም የኤሌክትሪክ አደጋ ሲነሳ በአእምሯችን የሚመጣው ፖል ላይ የወጣው ሠራተኛ እንጂ እሷ አይደለችም።

የመጀመሪያው መከላከያ ኧርዝ ነው። አረንጓዴና ቢጫ መልክ ያላት ሽቦ የማሽኑን ብረት ከመሬት ጋር ታገናኛለች፤ ኮረንቲ ከሽቦው ቢወጣ በሰው በኩል ሳይሆን በእሷ በኩል እንዲሄድ። ይህች ሽቦ ግን በየደረጃው ትጠፋለች። ባለ ሦስት እግሩን መሰኪያ ባለ ሁለት በምታደርግ ማገናኛ ስንሰካው ትቀራለች። ክቡ መሰኪያ ላይ በጎን ያሉት ሁለት ብረቶች ኧርዝ መሆናቸውን ሳናውቅ ኧርዝ የሌለው ሶኬት ላይ ስንሰካው ትቀራለች። አንዳንዴም ሶኬቱ የኧርዝ ቦታ አለው፣ ከግድግዳው ኋላ ግን ምንም ሽቦ የለም።

ሽቦው ኖሮም መሬቱ ላይተባበር ይችላል። በደቡብ ጎንደር ደጋ በብዙ ቦታ ብዙም ሳይቆፈር ድንጋይ ይመጣል፤ የኧርዝ ዘንጉ ጠልቆ አይገባም። በበጋ ደግሞ አፈሩ ይደርቃል፣ የደረቀ አፈር ኮረንቲን በደንብ አይቀበልም። ስለዚህ በነሐሴ ዝናብ ጥሩ ውጤት የሰጠ ኧርዝ በመጋቢት ላይሰጥ ይችላል። መለካት ያለበት በደረቁ ወቅት ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ከሰልና ጨው መጨመር የተለመደ ነው፣ ይረዳልም። ጨው ግን በዝናብ ይታጠባል፣ ዘንጉንም ይበላዋል። አንዴ ተቀብሮ የሚረሳ ነገር አይደለም።

ከፍታው የሚጨምረው ጣጣም አለ። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ዓለም አቀፍ ደረጃ የተዘጋጀው ግን እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው፤ የሞተር ደግሞ እስከ 1,000 ሜትር። አየር ሲሳሳ ዕቃውን የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል፣ ኮረንቲ በክፍተት ዘልሎ እንዳያልፍ የመከልከል አቅሙም እንዲሁ። በ3,000 ሜትር በባዶ ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት 14 ከመቶ ያህል እንዲሰፋ የሚጠየቀው ለዚህ ነው። አንዳንድ የቻይና ቻርጀሮች ጀርባ ላይ የተራራ ሥዕልና 2,000 ሜትር የሚል ምልክት አለ፤ ከዚያ በላይ ላለ ቦታ አልተፈተነም ማለት ነው። ይህ ማለት ዕቃው ደብረ ታቦር ሲደርስ ይፈነዳል ማለት አይደለም። ፋብሪካው ለጥንቃቄ የተወው መጠባበቂያ ጠቧል ማለት ነው። የወፍጮና የእንጨት ሥራ ባለቤቶች ሞተሩን እስከ መጨረሻው አቅሙ ባይጭኑት፣ የአየር መግቢያውንም ከዱቄትና ከሰጋቱራ ቢያጸዱ ብዙ ያተርፋሉ።

ታዲያ ትክክለኛው ምርመራ ምን ይመስላል? ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው በዓይንና በአፍንጫ ነው፤ ዕቃው ከሶኬት ተነቅሎ። የተላጠ ገመድ፣ በናስትሮ የተጠቀለለ ቁስል፣ የጠቆረ መሰኪያ፣ የተሰነጠቀ ሸክላ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ። አብዛኛው ብልሽት የሚገኘው እዚህ ላይ ነው፣ ወጪውም ባዶ ነው። ሁለተኛው ባለሙያ በመሣሪያ ከመሰኪያው የኧርዝ እግር እስከ ማሽኑ ብረት ድረስ መስመሩ አለመቋረጡን ይለካል፤ ውጤቱ ከአንድ ኦም በእጅጉ ያነሰ መሆን አለበት። ሦስተኛው «ሜገር» በሚባለው መሣሪያ 500 ቮልት ሰጥቶ ሽፋኑ ኮረንቲ እንደማያሾልክ ማረጋገጥ ነው። ለአብዛኛው ዕቃ ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም ይፈለጋል፣ እንደ ምጣድ ላለ ትልቅ ማሞቂያ ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። በየኤሌክትሪሺያኑ ኪስ ያለችው ቴስተር ኮረንቲ መኖሩን እንጂ ኧርዝ መኖሩን አትናገርም። ውጤቱ ከነቀኑ በደብተር ይጻፋል። ያልተጻፈ ምርመራ ከሳምንት በኋላ «ታይቷል፣ አልታየም» የሚል ክርክር ነው የሚሆነው።

በየስንት ጊዜው? እ.ኤ.አ. የ1989 የእንግሊዝ የሥራ ቦታ ኤሌክትሪክ ደንብ ዕቃው አደጋ እንዳያደርስ ሆኖ ይያዝ ይላል እንጂ ሁሉም በየዓመቱ ይፈተን አይልም። ጊዜውን የሚወስነው አደጋው ነው። በየቦታው የሚጎተተው ግራይንደር ቶሎ ቶሎ ይታያል፣ ካለበት የማይንቀሳቀሰው ፍሪጅ ዘግየት ይላል። ለእኛም የሚበጀው ይኸው ነው። ምጣድ፣ ግራይንደርና ብየዳ ማሽን በየሳምንቱ በዓይን ቢታዩ፣ በዓመት አንዴ ደግሞ በመሣሪያ ቢለኩ ጥሩ መነሻ ነው።

የሕግ ችግር የለብንም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 የሠራተኛን ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት አስፍሯል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሥራ ቦታው በሠራተኛው ላይ አደጋ እንዳያስከትል ጥንቃቄ እንዲያደርግ፣ የደረሰ አደጋንም እንዲመዘግብና እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። አንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው የመሣሪያ ጉድለት ሲያይ ወዲያውኑ እንዲናገር ግዴታ ይጥልበታል። ልብ በሉ፣ «ትነዝራለች» ብሎ መናገር ፍርሃት ወይም ቅብጠት አይደለም፤ የሕግ ግዴታ ነው። የአሠሪው ትክክለኛ መልስም «ጣውላ ላይ ቁም» ሳይሆን «እንግዲያው ትነቀል» ነው።

እርግጥ ማሽን ነቅሎ መዋል ለትንሽ ድርጅት ቀላል አይደለም። የዕለት ገቢዋ ከዕለት እንጀራዋ የሆነች ማኅበር ምጣዷን ለሁለት ቀን ብታቆም ደንበኛዋ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ቁጥጥሩ በማሸግ ከጀመረ ደግሞ ሰው ማሽኑን ይደብቃል እንጂ አያስጠግንም። ስለዚህ ምርመራው ከቅጣት በፊት እንደ አገልግሎት መጀመር አለበት የሚል እምነት አለኝ።

መነሻውም ሩቅ አይደለም። ለተደራጁ ወጣቶችና ሴቶች ሼድ የሚሰጠው መንግሥት ነው። ሼዱ ቁልፉ ከመሰጠቱ በፊት ኧርዙ ቢለካ፣ ውጤቱም በርክክብ ወረቀቱ ላይ ቢጻፍ ምን ይከብዳል? ለአንድ ረድፍ ሼድ አንድ ደህና ኧርዝ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ አር ሲ ዲ። መለኪያውን እያንዳንዱ ማኅበር መግዛት የለበትም። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በጋፋት ስም የሚጠራ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው፣ የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞችም ለተግባር ልምምድ ቦታ ይፈልጋሉ። ተማሪዎቹ ከመምህራኖቻቸው ጋር ሆነው በየዓመቱ መጋቢት ላይ፣ አፈሩ በደረቀበት ጊዜ፣ ሼድ ለሼድ እየዞሩ ቢለኩ እነሱ ሙያ ይቀስማሉ፣ ጋጋሪዋ የምጣዷን ልክ ታውቃለች፣ ከተማውም የትኛው ሼድ ኧርዝ እንደሌለው ዝርዝር ይኖረዋል።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነው። ቅጠሉ እዚህ ላይ አንድ ደብተር፣ አንድ መለኪያና በሳምንት አሥር ደቂቃ ነው። የዚህን መጋቢት ልኬት ግን ማንም መጥቶ እስኪጀምርልን መጠበቅ የለብንም። ነገ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሶኬቱን ነቅሎ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማየት የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።