ዳገቱ ስንት ነጥብ ይበላል?

አዲስ አበባ ውስጥ ከወሰን ሰፈር ተነስቶ የእንጦጦን ሰንሰለት የሚወጣ ሰው መንገዱን የሚለካው በትንፋሹ ነው። በተራ በሚጫወቱ የጦር ስልት ጨዋታዎችም እንዲሁ ነው። ጦሩ በየዙሩ የተወሰነ የእንቅስቃሴ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ሜዳው አንድ ነጥብ ከበላ ዳገቱ ብዙ ጊዜ ሁለት ይበላል። ይህ በዘፈቀደ የተቀመጠ ቁጥር ሊመስል ይችላል። ሆኖም የጂኦግራፊ ሊቁ ዋልዶ ቶብለር በ1993 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ቀመር ብናሰላው፣ በሜዳ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚራመድ እግረኛ በየ100 ሜትሩ 20 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ ፍጥነቱ 2.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ግማሽ ያህሉ!

የብዙዎቹ ጨዋታዎች ካርታ ባለ ስድስት ጎን ክፍሎች ያሉትም በምክንያት ነው። በአራት ማዕዘን ሰሌዳ በሰያፍ የሄደ ጦር በአንድ እርምጃ 41 በመቶ ያህል ትርፍ መንገድ ያገኛል። በስድስት ጎን ግን ጎረቤቶቹ ሁሉ እኩል ይርቃሉ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ የስንቅ ሕጉ ነው። ከጦሩ እስከ ስንቅ ማከማቻው ጠላት ያልያዘው መንገድ ከተገኘ ጦሩ ኃይሉን ይዞ ይቆያል፤ ከታጣ በየዙሩ ይመነምናል። ለመክበብ ደግሞ ዙሪያውን በሰው መሙላት አያስፈልግም። ብዙ ጨዋታዎች ላይ አንድ ጦር አጠገቡ ያሉትን ክፍሎች ጭምር ስለሚቆጣጠር፣ በጠላት ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ጦሮች ብቻ ስድስቱንም መውጫ ይዘጋሉ።

ከጣሊያን ጋር በተደረገው ጦርነት መቀሌ ላይ የሆነውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ጣሊያናዊው ሻለቃ ጋሊያኖ የያዘውን የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ በግንባር ለመስበር የሞከረው የኢትዮጵያ ጦር ብዙ ሰው አጣ። ምንጮቹ ግን ከግንቡ ውጭ ነበሩ። በእቴጌ ጣይቱ ምክር እንደሆነ በሚነገረው ዘዴ ምንጮቹ ተያዙ፤ በጥር 1888 ዓ.ም. ጥም ምሽጉን አስለቀቀ።

ይሁንና የከበበውም ይራባል። 100,000 ያህል ለሚገመት ሠራዊት፣ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ኪሎ እህል ብንይዝ፣ የዕለት ቀለቡ 1,000 ኩንታል ነው። አንዱ በቅሎ አንድ ኩንታል ቢሸከም ሺህ በቅሎ በየቀኑ መድረስ አለበት፤ በቅሎዎቹም ይበላሉ። ስለዚህ የካቲት ላይ አድዋ አካባቢ የምኒልክ ሠራዊት ብዙ መቆየት አይችልም ነበር። ሳውሪያ ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር አዛዥ ባራቲዬሪም ስንቁ ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ቀን ነበር። ቀድሞ የተንቀሳቀሰው እሱ ነው። የካቲት 23 ማለዳ ብርጌዶቹ እርስ በርስ ሊረዳዱ በማይችሉበት ርቀት፣ በተራሮቹ መካከል ተበታትነው ተገኙ።