ካዝናው ይከብዳል… የሰው እግርስ?

ፈቃድ ያለው ሽጉጥ ቤታችሁ አለ እንበል። የት ነው የምታስቀምጡት? «ፍራሽ ሥር» ካላችሁኝ ጉድ ፈላ! ልጆች እኮ የፍራሹን ሥር ከአባታቸው የበለጠ ያውቁታል። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ በፈቃድ ይያዝ ይላል፤ ፈቃዱ ግን ወረቀት ነው፣ የልጅ እጅ አይመልስም። ስለዚህ የብረት ካዝና የገዛ ሰው ደግ አደረገ እላለሁ። ጣጣው የሚመጣው ካዝናው ከአይሱዙ ላይ ሲወርድ ነው።

በሰፈራችን አንድ ጋሼ አሉ። 300 ኪሎ የሚሆን አሮጌ ካዝና ገዝተው፣ ፎቅ ላይ መኝታ ቤቴ ይግባልኝ አሉ። አራት ጫኝና አውራጅ ተጠራ። ልጆቹ ዋጋ ሲናገሩ ጋሼ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ለአራት ሲካፈል 75 ኪሎ ነው፤ አንድ ኩንታል እንኳ አይሞላም!»

አይ ጋሼ! ይህ ሒሳብ የሚሠራው ሜዳ ላይ ነው። ደረጃ ላይ ካዝናው ወደ ታች ያጋድላል፤ አብዛኛው ሸክም ከታች ባሉት ሁለቱ ላይ ያርፋል። በዚያ ላይ የካዝና በር ራሱ ከባድ ስለሆነ ወደ ፊት ይስበዋል።

የሆነውም ይኸው ነው። አራተኛው ደረጃ ላይ ሲደርሱ ያልተቆለፈው በር ወለል ብሎ ተከፈተ፤ ካዝናው ተንሸራተተ። ከታች የነበረው ልጅ ዘሎ ቢሸሽም አንድ እግሩ አላመለጠም፤ ሁለት ጣቶቹ ተሰበሩ። በነጠላ ጫማ ነበር የመጣው! ከዚያማ ጭቅጭቅ… «ባለካዝናው ያሳክም!» «ሥራው ነው፣ ወዶ የገባበት!» በመጨረሻ እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ልጁን በታክሲ ወስደው አሳከሙት። እስኪድን ድረስ የሚቀርበትን እንጀራ ግን ማን ይክፈለው? በቀን ሥራ ለሚኖር ሰው እግር ማለት ደመወዝ ነው። በእኔ በኩል መክፈል ያለባቸው ጋሼ ናቸው፤ ዋጋ የቆረጡትም፣ ደረጃውን የመረጡትም እሳቸው። ይህን በማለቴ ይቀየሙኛል፤ ይቀየሙኝ።

ታዲያ ካዝና ልታስገቡ ካሰባችሁ፣ ገና ሳትገዙ ሜትር ይዛችሁ በሩን፣ ኮሪደሩን፣ የደረጃውን መታጠፊያ ለኩ። ውስጡ ባዶ ይሁን፤ በሩ ይቆለፍና በገመድ ይጠፈር። የሚፈታ በር ከሆነማ ለብቻው ይግባ። ሜዳ ላይ ደግሞ ሸክም ምን ያደርጋል? ሦስት አራት የቧንቧ ቁራጭ ከሥሩ አስገብቶ ማንከባለል ነው፤ ከኋላ የሚወጣውን እያነሱ ከፊት መመለስ። ለማንሳት ድጅኖ፣ ለማሳረፍ ጣውላ… ጣት ግን ከሥር አይግባ! ካጋደለም ጀግና መሆን አያስፈልግም፤ ይውደቅ፣ ሲሚንቶ ይጠገናል። ደረጃ የግድ ከሆነ ከላይ በዊንች ይጎተት፤ ከታች ማንም አይቁም። ልጆቹ ቢጎዱ ማን እንደሚያሳክምም ሥራው ሳይጀመር ተነጋገሩ።

እኔ እንኳ ምድር ቤት ይቀመጥ ባይ ነኝ። ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ጥግ ይዞ፣ ከሥሩ በብሎን ታስሮ። ያልታሰረውን ትንሽ ካዝና ሌቦች ከነምኑ ተሸክመውት ይሄዳሉ። ሲገባም ብርድ ልብስ አልብሱት፤ ሰፈሩ ሁሉ ምን እንደገባ ምን አገባው?

የጋሼ ካዝና ያን ቀን እንደቀረ ደረጃው ሥር ነው። ሽጉጡ ገብቶበታል፤ ጥይቱ ለብቻው ተቀምጧል፤ እሰየው። ቁልፉ ግን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። የልጅ ልጃቸው ወንበር ላይ ከወጣ ይደርስበታል ብዬ ለእትዬ ነግሬያቸዋለሁ።