ያልታየ ዓሣ ሞቷል ማለት ነው?

በዚህ እትም የምጽፈው ስለ ዓሣ ነው። የጋዜጠኝነት ተማሪን ከዓሣ ጋር ምን አገናኛት እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እኔም መጀመሪያ ላይ ያልኩት ይህንኑ ነው። ነገሩ የተጀመረው ግን ከዓሣ ሳይሆን ከራሴ ስህተት ስለሆነ ከዚያው ልነሳ።

አምና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለግድግዳ ጋዜጣችን አንድ ዜና ሠራሁ። ከዲፓርትመንታችን ቀደም ብለው የተመረቁ 40 ልጆችን ስም ዝርዝር ይዤ ስልክ መደወል ጀመርኩ። 13ቱ ሥራ መያዛቸውን ነገሩኝ፣ 4ቱ ገና እየፈለግን ነው አሉኝ፣ የቀሩት ወይ ስልካቸው ዝግ ነው፣ ወይ ቁጥር ቀይረዋል፣ ወይ አያነሱም። ታዲያ ምን ብዬ ጻፍኩ? «ከ40 ተመራቂዎች ሥራ ያገኙት 13 ብቻ ናቸው» ብዬ ርዕሱን በቀይ እስክርቢቶ አድምቄ ለጠፍኩት። በሳምንቱ አንዲት የክፍሌ ልጅ ዲፓርትመንት ለመቀየር ማመልከቻ ስትጽፍ አገኘኋት፤ ምክንያቷ የኔ ዜና ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከተመራቂዎቹ አንዱ፣ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ በሪፖርተርነት የሚሠራ፣ ግቢ ድረስ መጥቶ ፈልጎ አገኘኝና «እህቴ፣ እኔን ማን ነው ሥራ ፈት ያደረገኝ? ስልኬ ጠፍቶብኝ እኮ ነው ያላገኘሽኝ!» አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መምህሬ ብዙም አልተቆጡኝም። «ያላገኘሻቸውን ሁሉ እንደሌሉ ቆጠርሻቸው» አሉኝና ስለ ሳልሞን ዓሣ ጥናት የሚያወሳ አንድ ጽሁፍ ሰጥተው አንብቢ አሉኝ። ሒሳብ ከሸሹት ወገን ስለሆንኩ ሦስት ጊዜ አንብቤ ነው የገባኝ። የገባኝን ያህል እነሆ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምህረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደሚታወቀው ሳልሞን የሚፈለፈለው በወንዝ ነው፤ ጥቂት ካደገ በኋላ ወደ ባሕር ይወርዳል፣ እዚያ ጎልምሶ ለመራባት ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል። በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ፣ በአይዳሆ ግዛት ተራሮች ውስጥ የሚፈለፈሉት የሳልሞን ጫጩቶች በስኔክ ወንዝ ወርደው፣ ከዚያም ኮሎምቢያ ወንዝ ውስጥ ገብተው ነው ፓስፊክ ውቅያኖስ የሚደርሱት። በመንገዳቸው ላይ ስምንት ግዙፍ ግድቦች ተደርድረዋል። በአወራረዳቸው የመጨረሻው ቦኔቪል ሲሆን በ1938 ሥራ የጀመረ ነው። የመጀመሪያው ሎወር ግራኒት ደግሞ የተጠናቀቀው በ1975 ነው። በሁለቱ መካከል ወደ 460 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። በ1991 የስኔክ ወንዝ ሶካይ የተባለው የሳልሞን ዝርያ የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው ፍጥረታት መዝገብ ውስጥ ገባ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ችኑክ የተባለው ዝርያ ተከተለ። ከዚያ በኋላ «ጫጩቶቹ በጉዞ ላይ ስንቱ ይሞታሉ? የትኛው ግድብ ላይ?» የሚለው ጥያቄ የፍርድ ቤትም፣ የመብራት ኃይልም፣ ከዓሣው ጋር ኑሯቸው የተሳሰረ የአገሬው ጎሳዎችም ጥያቄ ሆነ። ሰው የሚከራከርበት ቁጥር ሲሆን ደግሞ ቁጥሩ በምን መንገድ እንደመጣ ማወቅ ግድ ነው።

ዓሣውን የሚቆጥሩት እንዲህ ነው። ጣት በምታክል ጫጩት ሆድ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ 12 ሚሊ ሜትር የምትረዝም መለያ በመርፌ ያስገባሉ። ፒት ታግ ይሏታል። ባትሪ የላትም፤ አንቴና ባለበት ቦታ ስታልፍ ብቻ የራሷን ቁጥር ትናገራለች። እያንዳንዱ ዓሣ የየራሱ ቁጥር አለው፣ ልክ እንደኛ የመታወቂያ ቁጥር ማለት ነው። አንቴናዎቹ በብዛት የተተከሉት ግድቦቹ ላይ፣ ጫጩቶቹ ተርባይን ውስጥ እንዳይገቡ ተብሎ በተሠራላቸው ማለፊያ ቦይ ውስጥ ነው።

ችግሩም እዚህ ላይ ይመጣል። ዓሣው በቦዩ ብቻ አይደለም የሚያልፈው። በጎርፍ ማስተንፈሻው በኩል ዘሎ ሊወርድ ይችላል፤ በተርባይኑም ሊያልፍ ይችላል። በነዚህ በኩል ያለፈ ዓሣ በሕይወት እያለ አንቴናው አያየውም። (ሎወር ግራኒት ላይ ማስተንፈሻው ራሱ አንቴና የተገጠመለት በ2020 ነው።) ስለዚህ 1,000 ጫጩቶች ተለቀው ግድቡ ላይ 360 ቢታዩ «640 ሞቱ» ማለት አይቻልም። እኔ ብሆን ግን እንደዚያ ብዬ በቀይ እስክርቢቶ እጽፈው ነበር።

መፍትሔው ቀለል ያለ ነው፤ ስረዳው ያሳቀኝም ለዚህ ነው። ዓሣውን ከታች ባለው ግድብ ጠብቀው። እስቲ በራሴ ቁጥሮች ላስረዳ። የመጀመሪያውን ግድብ «ሀ»፣ ቀጣዩን «ለ» እንበላቸው። «ለ» ላይ ከተለቀቁት ውስጥ 200 ዓሣ ታየ። «ለ» የደረሰ ዓሣ ሁሉ «ሀ»ን በሕይወት ያለፈ መሆኑ የማያከራክር ነው፣ ሌላ መንገድ የለውማ። አሁን መዝገቡን እናገላብጥ፦ ከነዚህ 200 ውስጥ «ሀ» ላይ ታይተው የነበሩት 80 ብቻ ናቸው። ስለዚህ «ሀ» ላይ ያለው አንቴና በሕይወት ካለፉት ውስጥ የሚያየው 40 በመቶውን ነው ማለት ነው። 360 የጠቅላላው 40 በመቶ ከሆነ፣ ጠቅላላው 900 ይመጣል። ከ1,000ው «ሀ»ን በሕይወት ያለፉት 900፣ የመትረፍ መጠኑም 90 በመቶ ነው። 36 እና 90 በጣም ይራራቃሉ!

ነገሩ በመሠረቱ አሮጌ ነው። ፒተርሰን የተባለ ዴንማርካዊ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ ዓሣ ላይ ምልክት አድርጎ መልቀቅና መልሶ መያዝን ለጥናት ተጠቅሞበታል። ዛሬ ለሳልሞን የሚሠራበትን ሞዴል ግን ያቆሙት ሦስት የስታትስቲክስ ሰዎች ናቸው፦ ኮርማክ በ1964፣ ጆሊና ሲበር ደግሞ በየፊናቸው በ1965፣ ሦስቱም ባዮሜትሪካ በተባለው መጽሔት ላይ አወጡት። ሞዴሉም በስማቸው ይጠራል። የኮርማክ ጥናት ስለ ዓሣ አልነበረም፣ ስለ ባሕር ወፍ ነው። ስኔክ ወንዝ ላይ በፒት ታግ ይህን ዓይነት የመትረፍ ጥናት ማካሄድ የተጀመረው በ1993 ነው።

ሞዴሉ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ይገምታል፦ የመትረፍ ዕድልንና የመታየት ዕድልን። ሁለቱን አለመለየት ምን ያህል እንደሚያሳስት 2001ን ማየት ይበቃል። ዓመቱ የድርቅ ዓመት ነበር፤ ውሃው ስለቀነሰ በማስተንፈሻው የሚለቀቀውም በጣም ተቀነሰ። ብዙው ውሃ ወደ ተርባይኖቹ ሲሄድ ዓሣውም አብሮ ሄደ፣ ከዚያም ብዙው ወደ ማለፊያ ቦዩ ተመራ፣ አንቴናውም በደንብ ያየው ጀመር። የመታየት ዕድሉ ከፍ አለ፤ በወንዙ የተጓዙት ዓሦች የመትረፍ መጠን ግን ወረደ። የታዩትን ብቻ የቆጠረ ሰው ያንን ክፉ ዓመት መልካም ዓመት ብሎ በዘገበ ነበር።

አንድ ሌላ የወደድኩት ነገር አለ። ከጫጩቶቹ ብዙዎቹ ግድቡ ላይ ተይዘው በጀልባ ተጭነው ከቦኔቪል በታች ይወሰዳሉ። እነዚህ ከዚያ በታች ባሉት ግድቦች ስላልታዩ ሞዴሉ እንደ ሞቱ አይቆጥራቸውም። እስከተያዙበት ቦታ ድረስ በሕይወት ነበሩ፣ ከዚያ በኋላ ከመዝገቡ ወጥተዋል፣ በቃ። እኔ ውጭ አገር የሄደውን ተመራቂ የት ከተትኩት? ከሥራ አጦቹ ጋር።

ሞዴሉ ግን ተአምር አይሠራም። የመጨረሻው ጣቢያ ላይ ይቸገራል፤ ከዚያ በታች የሚያይ ሌላ ዓይን ከሌለ፣ ያልታየው ዓሣ ሞቶ ይሁን አልፎ መለየት አይቻልም፤ የሚገኘው የሁለቱ ዕድሎች ብዜት ብቻ ነው። ለዚህ ሲባል ከቦኔቪል በታች፣ ወንዙ ወደ ባሕር ሊቀላቀል ሲል፣ ሁለት ጀልባዎች አንቴና የተገጠመለት መረብ እየጎተቱ የሚያልፈውን ዓሣ ሲያነቡ ቆይተዋል። ወንዙ አፍ ላይ ባለችው ኢስት ሳንድ በምትባል ደሴት ደግሞ ዓሣ በል ወፎች የበሏቸው ጫጩቶች መለያ ከወፎቹ መኖሪያ መሬት ላይ ሲነበብ ቆይቷል። ሟቹም ወሬ ያቀብላል ማለት ነው።

ሌላው፣ ሞዴሉ የሚሠራው አንዳንድ ነገሮች እውነት ናቸው ብለን ስንነሳ ነው። በቦዩ ያለፈው ዓሣና በማስተንፈሻው የወረደው ከዚያ በኋላ እኩል የመትረፍ ዕድል ሊኖራቸው ይገባል፤ መለያ የተደረገለትም ላልተደረገለት ወኪል መሆን አለበት። ቦዩ ዓሣውን የሚጎዳው ከሆነ ግምቱ ይዛባል። ተመራማሪዎቹ የሚሟገቱትም በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። እኛ ዜና ጸሐፊዎች ደግሞ መጠየቅ ያለብን መቶኛው የየትኛውን መንገድ ርዝመት እንደሚሸፍን ነው። «በእያንዳንዱ ግድብ 90 በመቶ ይተርፋል» ሲባል ጆሮ ደስ ይለዋል፤ ሰባት ጊዜ ሲባዛ ግን ከ48 በመቶ አይበልጥም።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ወደ 40ዎቹ ተመራቂዎች ተመለስኩ። ሁለተኛ «ግድብ» ያስፈልገኝ ነበር። በከተማችን ያሉ የዜና ክፍሎችን በእግሬ ዞሬ ከዝርዝሬ ውስጥ 10 ሰዎች ሥራ ላይ አገኘሁ። ከ10ሩ በስልክ አግኝቻቸው የነበሩት 5 ናቸው። እንግዲህ ስልኬ ሥራ ከያዙት የሚያገኘው ግማሹን ከሆነ፣ 13ቱ የ26 ግማሽ ናቸው ማለት ነው። ደስ ብሎኝ ለመምህሬ ወሰድኩላቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ባንክ የገባውስ? ክፍለ ሀገር ያለውስ? ከተማ ውስጥ ዜና ክፍል ያለ ሰው ስልኩም ይሠራ ይሆናል እኮ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እንደዚያ ከሆነ ስልኬ ከግማሽም ያነሰ ነው የሚያገኘው፣ ሥራ የያዙትም ከ26 ይበልጣሉ። ደግሞ 5 ሰው ላይ የቆመ ግምት አንድ ሰው ሲጨመር ወይም ሲቀነስ ወዲያውኑ ይናጋል። የሳልሞኖቹ ተመራማሪዎች ብዙ ሺህ መለያ የሚያስገቡት ወደው አይደለም።

ማረሚያውን በዚያው ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፣ በሰማያዊ እስክርቢቶ። «ከ40 ተመራቂዎች 18ቱ ሥራ መያዛቸውን አረጋግጠናል፤ 4ቱ ሥራ እንደሌላቸው ነግረውናል፤ 18ቱን ግን አላገኘናቸውም» ይላል። 26ን አልጻፍኩትም። ማመልከቻ የጻፈችው ልጅ አብራኝ ቆማ አነበበችውና «18ቱን መቼ ነው የምትፈልጊያቸው?» አለችኝ። አሁን ሁለታችንም ዝርዝሩን ተካፍለን እየደወልን ነው፤ እስካሁን ሦስት አግኝተናል።